«ባዶ ቦታ» ስለተባለው ሜዳችን

ይድረስ ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለሰፈሬ ሰዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ፣ ሜዳችን ላይ አራት ችካል ተተክሎ አየሁ። ጫፋቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሁለት ወጣቶች ሜትር ዘርግተው ይለካሉ። ሰላም ብያቸው ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠየቅኩ። በትሕትና ነው የመለሱልኝ። «ባዶ ቦታ እየመዘገብን ነው። ፓርኪንግና ሱቅ ይሠራበታል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ ደብተር የያዘው። ማን እንደላካቸው ስጠይቅ ግን «ታዘን ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልጆቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። የታዘዙትን ነው የሠሩት። «ባዶ ቦታ» የምትለዋ ቃል ግን ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ባዶ ነው አሉ?» አለች። የአባቷ የለቅሶ ድንኳን የተተከለው እዚያ ነበር።

የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ሜዳውን ተዉልን። ለምን እንደምጠይቅ ግን በሁለት መስመር ማመልከቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ሰፈራችን በሲኤምሲና በአያት መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የማኅበር ቤቶች ሰፈር ነው። ሲኤምሲ የሚለው ስም እዚያ ቤቶች ከሠራ የጣሊያን ኮንስትራክሽን ድርጅት የመጣ መሆኑን ዛሬ ብዙ ወጣት አያውቅም። እኛ መሠረት ያወጣነው በ1993 ነው። ያኔ ዙሪያው ማሳ ነበር። ከታክሲ ወርደን ሃያ ደቂቃ በእግር እንገባለን። ክረምት ላይ መረሬው ጫማ ይነጥቃል። ሰው ሁሉ ቦት ጫማውን ዋናው መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ እያስቀመጠ፣ ቆዳ ጫማውን አድርጎ ሥራ ይሄድ ነበር። ውሃ በአህያ በጄሪካን ይመጣል። መብራት ከአንድ ቆጣሪ ለስድስት ቤት ነው። ማታ ማታ ምጣድ የሚያስጥድ ሰው አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ አለበለዚያ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ እንቀራለን። ያን ጊዜ ማን እንጀራ እንደሚጋግር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። የቧንቧው ውሃ በፈረቃም ቢሆን ገባ። በጥቅምት 2008 ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ችግኝ ሆነው የተከልናቸው ግራቪሊያዎች ከጣሪያ በላይ ወጡ። ልጆቻችን አደጉ። ሰፈሩም ረጋ።

ይህን መርጋት እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ከሚካኤል የኪዳን ጸሎት ይሰማል። አዛኑ ከወዲያ ማዶ ይከተላል። አንዱ አንዱን ሳይሸፍን ሁለቱም ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ያን ያህል ዝም ያለ ነው አየሩ። ከዚያ የመጥረጊያ ድምፅ ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት እማማ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ዛሬም የበራቸውን ደጃፍ ራሳቸው ነው የሚጠርጉት። ሠራተኛቸው መጥረጊያውን ትደብቅባቸዋለች፣ እሳቸው ፈልገው ያገኙታል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ክላክስ ያደርጋል። ረፋድ ላይ ቆራሌው ያልፋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ዝም ይላል። የሆነ ግቢ ውስጥ ሙቀጫ ሲመታ ሦስት ቤት ያህል ርቀህ ትሰማለህ። ድምፁን ተከትሎ ሽታው ይመጣል። ከቤት የምሠራ ሰው ነኝና ይህን ሰዓት በደንብ አውቀዋለሁ። መስኮቴን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።

መሀል ከተማ ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ይገባዋል። እኔ መርካቶ አጠገብ ነው ያደግሁት። እንቅልፍ ማለት ከጫጫታ መሀል ተሰርቆ የሚወሰድ ነገር ነበር።

ግን አንድ ነገር ልመስክር። አማርኛችን ሁለት ቃል አለው፤ ጸጥታና ጭርታ። ጸጥ ያለ ሰፈር ሰው አለበት፣ ሰውዬውም ሰላም ነው። ጭር ያለ ሰፈር ሰው የሌለበት ነው። የኛ ሰፈር በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የቆመው። አጥሮቻችን ከፍ ከፍ ብለዋል። መጀመሪያ ቆርቆሮ ነበር፣ ቀጥሎ ግንብ ሆነ፣ አሁን ከግንቡ በላይ የእሾህ ሽቦ አለ። በሮቻችን ሙሉ ላሜራ ናቸው። መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። እናቴ ከመርካቶ መጥታ ሁለት ሳምንት ከኛ ጋር ሰነበተች። ቤቱን ወደደችው፣ አየሩን ወደደችው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «ልጄ፣ ቤቱስ ያምራል። ሰዎቹ ግን የት ናቸው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ይዣት ወጣሁ። ወደ ሜዳው ወሰድኳት።

እዚያ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ከአራት ሴቶች ጋር ተዋውቃ፣ የአንዷን ሕፃን ታቅፋ ነው የተመለሰችው። ሻንጣዋ ሌላ አሥር ቀን ሳሎን ውስጥ ቆየ።

እንግዲህ ሜዳው ይህ ነው። ርዝመቱ በእርምጃዬ ሰባ፣ ወርዱ አርባ አምስት ያህል ነው። አንድ ትልቅ ጽድና ሁለት ግራቪሊያ አለበት። በስተሰሜን ጥግ የእድራችን ኮንቴይነር ቆሟል። ከኛ በፊት ገበሬዎቹ ከብት ያሳርፉበት እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ቦታው እኛ ስንመጣም ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትመጡ አራስ እናቶች ሕፃናቸውን ፀሐይ ሲያሞቁ ታያላችሁ። ጡረተኞች ጃኬታቸውን እንደለበሱ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ሐኪም ተራመዱ ያላቸው ናቸው። ከጽዱ ሥር ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። የሰፈሩ መረጃ ማዕከል እሷ ነች፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን ልጅ ከውጭ መጣ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ከሰዓት በኋላ ቦታው የልጆች ነው። ልጄ ብስክሌት የለመደችው እዚያ ነው። ጉልበቷ ላይ ያለው ጠባሳም የተገኘው እዚያው ነው። እሑድ ጠዋት ጎልማሶች ኳስ ይጫወታሉ። ነሐሴ ሲመጣ ጅራፍ ይጮኻል፣ የቡሄ ችቦ ይበራል። መስከረም 16 የሰፈሩ ደመራ የሚቆመው መሀሉ ላይ ነው። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወጣቶቹ እዚያ ወጥተው ያወጋሉ፤ የኛዎቹም አብረዋቸው ያመሻሉ። ሠርግ ያለበት ሰው ግቢው ካልበቃው ዳሱን እዚያ ይጥላል።

በ2012 ኮሮና ሲገባ መሰብሰብ ተከለከለ። ሜዳው ላይ ማንም አልወጣም። ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ። ባዶ ቦታ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ። በመስኮት እያየሁ ሆዴ ይባባ ነበር።

አሁን አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ ሐምሌ ላይ። ከኛ በሦስተኛው ቤት አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሰው አያስቸግሩም፣ ብዙም አይታዩም ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የባለቤታቸው ጩኸት ተሰማ። ጸጥ ባለ ሰፈር የሴት ለቅሶ እንዴት እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ የላሜራ በሮች እየተከታተሉ መከፈት ጀመሩ። የፎጣ፣ የጋቢ፣ የጃንጥላ መዓት። ዝናቡ ያወርደዋል።

የእድሩ ጸሐፊ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ይዞ በፒጃማ መጣ። ድንኳኑን አወጣን። የሟቹ ግቢ ጠባብ ነው፤ አትክልትም አለበት። ሜዳው ላይ ለመትከል ማንም ማንንም አላማከረም። ከማዶ ያሉት ሐጂ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ገመድና መዶሻ ይዘው ደረሱ። መረሬው ርሶ ካስማው አልይዝ አለ። እሳቸው ድንጋይ ከበቡት። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ያን ዕለት ገና ያየሁት፣ ነጭ ስኒከሩን እንዳደረገ በዶማ ዙሪያውን ቦይ ያወጣ ጀመር፤ ውሃው ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆነ። «የማን ልጅ ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስሙን ነገረኝ። ከኛ በአራተኛው በር የሚኖር ልጅ ነው። እዚያው ተወልዶ ነው ያደገው። አላውቀውም ነበር።

ንጋት ላይ ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚው ተደረደረ፣ ብረት ድስቱ ተጣደ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ከሐጂ ቤት ሻይ በትልቅ ፔርሙዝ መጣ። የሟቹ ሴት ልጅ ዋሽንግተን ናት፤ ለቀብር መድረስ አልቻለችም። ጎረቤት ስልኩን ይዞ ድንኳኑን በቪዲዮ አሳያት። «ይሄ ሁሉ ሰው?» ብላ አለቀሰች። ወላጆቿ ብቻቸውን ይኖራሉ እያለች ስትሰቀቅ ኖራ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ አልተለየውም ሰው። ጋሼ የማን ልጅ ያስጠኑ እንደነበር፣ ለማን በነፃ እንዳስተማሩ፣ ያኔ ነው የሰማነው። ያ ስኒከር ያደረገ ልጅ ዛሬ የእድራችን ወጣቶች ክፍል ተጠሪ ነው።

ያንን ድንኳን የት እንድንተክለው ነው የምትፈልጉት? ኮንዶሚኒየሞች እንኳ ሲሠሩ ለለቅሶና ለድግስ ተብሎ የጋራ መገልገያ ቤት ተለይቶላቸዋል። መንግሥት ራሱ ሰው ለብቻው እንደማያዝን አውቆ ነው እንዲህ ያደረገው። እኛ ያ ቤት የለንም። ያለን ሜዳው ነው። መንገድ ላይ ብንተክል መንገዱ ይዘጋል፤ አምቡላንስም እሳት አደጋም ማለፊያ የለውም።

የከተማችንን መዋቅራዊ ፕላን ከኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ሰፈራችንን ዞራችሁ እዩት። ከቤትና ከመንገድ ውጪ ያለው ያ ሜዳ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የኛ 30 በመቶ የት ነው? በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ ለልጆች መጫወቻ፣ ለእግረኛ ማረፊያ ሲሠራ እያየን ነው። ደስ ብሎን ነው ያየነው። እዚያ በብዙ ገንዘብ የሚፈለገው ነገር እዚህ አለ። የሚያስፈልገው ባለበት መተው ነው።

ስለ ፓርኪንጉም ልናገር። የሰፈሩ ሰው መኪናውን ግቢው ውስጥ ነው የሚያሳድረው። ፓርኪንግ የሚፈልገው ዋናው መንገድ ላይ ባሉት ሕንፃዎች የሚያመሽ ሰው ነው። ማታ አራት፣ አምስት ሰዓት ላይ ሙዚቃ ከፍቶ የሚወጣው እሱ ነው። አገራችን ለመኖሪያ አካባቢ ያወጣችው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። መኪና ማቆሚያ አጠገብ ሌሊት 45 የሚባል ነገር አይገኝም። አጠገቡ እንደ እማማ ያሉ አዛውንቶች፣ አራሶች፣ ለማትሪክ የሚያጠኑ ልጆች አሉ።

ሱቅ አንጠላም። ከጽዱ ሥር ያለችው ሴት ደንበኛችን ብቻ ሳትሆን ሰዋችን ናት፤ ጥላ ቢሠራላት፣ ፈቃድ ቢሰጣት ሁላችንም እንፈርማለን። ወጣቶቻችንም ሥራ ይፈልጋሉ። ለዚህ ዋናው መንገድ ዳር ለዓመታት ታጥረው የቆሙ ቦታዎች አሉ። ቆርቆሯቸው ዝጓል። እውነተኛው ባዶ ቦታ እሱ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ሰፈራችን ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል። ሐምሌና ነሐሴ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያ ሁሉ ቦታ ሲሚንቶ ቢፈስበት ውሃው ቀጥታ የታችኞቹ ቤቶች ሳሎን ነው የሚገባው። የመረሬን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ የታችኛውን መንገድ አጥሮች ማየት በቂ ነው።

ለሰፈሬ ሰዎችም የምለው አለኝ። ይህ ሜዳ ባዶ የመሰለው በኛም ምክንያት ነው። ቤት ያደሰ ሰው ፍርስራሹን ጥግ ላይ ይደፋል። ቆሻሻ በማዳበሪያ አስሮ ማታ የሚጥል አለ፤ ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ሁለት አግዳሚ እንትከል ተብሎ ገንዘብ ሲሰበሰብ ግማሻችን አልሰጠንም፤ እኔም የሰጠሁት በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ጽዱ ጋ ያለው የውሃ ማስተላለፊያ ከተደፈነ ቆየ። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የወረዳ ፈቃድ አያስፈልገንም። ዶማና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። በሩን ዘግቶ ጸጥታውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ካለ ጸጥታውን ጠብቆ ያቆየለት ያ ሜዳ መሆኑን ይወቅ። ሌሊት አንድ ነገር ቢደርስበት ጩኸቱን ሰምቶ የሚወጣለት ሰው፣ ሜዳው ላይ ያወቀው ሰው ነው።

ከወረዳችን የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ችካሉ የተተከለበትን ምክንያት በግልጽ ንገሩን። የተወሰነ ነገር ካለ ከመጽደቁ በፊት አነጋግሩን። ቦታው በፕላኑ ላይ የጋራ ክፍት ቦታ ተብሎ ይመዝገብልን፤ በእድሩ ስም ይሁን በወረዳው ስም ለኛ ለውጥ የለውም፤ ክፍት ሆኖ ይቆይ እንጂ። አጥር አንፈልግም። የሌላ ሰፈር ልጅም መጥቶ ይጫወትበት። ጽዳቱን፣ ችግኙን፣ መብራቱን እኛ እንችላለን። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ለዚህ ከወርሃዊ መዋጮው ላይ እንዲመድብ ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

ጉባኤው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ችካሎቹን ማንም አልነቀላቸውም። ልጆቹ ሁለቱን የጎል ቋሚ አድርገዋቸዋል፤ ሁለቱ እንደነበሩ ናቸው። ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ቢያየን ደስ ይለናል። ከኮንቴይነሩ ወንበር ስናወጣ ለእናንተም እናወጣለን።

ከአክብሮት ጋር
ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ